ቀለህና ቀጥቃጭ

በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ከተማ ላይ ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ የነፍጠኞች አለቃና የራስ ሚካኤል ስሑል ዘመድ ከነበረው ከገብረ መስቀል ጋር በግብዣ መካከል ተጣላ። የጠቡ መነሻ የተኩስ ነገር ነበር። ብሩስ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ገብረ መስቀል በብረት አረር ከሚሠራው ይልቅ እርሱ በሻማ ቁራጭ የሚሠራው እንደሚበልጥ በመናገሩ ነገሩ ከአፍ ወደ እጅ ደረሰ። ጠቡ ከበረደ በኋላም ብሩስ በቤተ መንግሥት ፊት ቃሉን በሥራ እንዲያሳይ ተጠየቀ። ሦስት ጋሻዎች ተደርበው ቆሙ፤ ጠመንጃውም በአረር ፈንታ የሞራ ሻማ ግማሽ ጎርሶ ተተኮሰ። ሻማው ሦስቱንም ጋሻ በስቶ አለፈ። ከተመልካቹ ገሚሱ ድርጊቱን እንደ አስማት ቆጠረው።

በድርጊቱ ውስጥ ግን አስማት አልነበረበትም። ያ ጨዋታ ያስተማረው ነገር ቢኖር፣ የጠመንጃ ኃይል ከሚወረወረው ነገር ይልቅ በሚወረውረው ነገር፣ ማለትም በባሩዱ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ነው። ብሩስ ከዚህ በኋላ በጥቅምት 1763 ዓ.ም. ጉዞውን ወደ አገው ምድር አቅንቶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ። ከዚያ ወዲህ አንድ መቶ ሰባ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በዚያው በአገው ምድር፣ በዳንግላና በእንጅባራ፣ በፋጊታና በሰከላ ተራሮች ላይ ያው የባሩድ ጥያቄ እንደገና ተነሣ። በዚህ ጊዜ ግን ጥያቄው የግብዣ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የአገርና የሕይወት ጥያቄ ሆኖ ነበር።

የጦር መሣሪያ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በጠመንጃው በኩል ነው። ስንት ሺህ ጠመንጃ እንደ ገባ፣ ማን እንዳስገባው፣ ማን እንደ ታጠቀው ይመዘገባል። ይሁን እንጂ ጠመንጃ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ዕድሜ ልክ ሊያገለግል ይችላል፤ ጥይት ግን በተተኮሰ ቁጥር ያልቃል። ስለሆነም ጠመንጃ የሸጠ ነጋዴ አንድ ቀን ይታወሳል፤ የጥይቱን በር የያዘ መንግሥት ግን ሁልጊዜ ያዝዛል። ጥይት አልቆበት በእጁ ብረት ብቻ የቀረ ወታደር ከዱላ የተሻለ ነገር አልያዘም። እንግዲህ አንድ ሕዝብ የተተኮሰውን ቀለህ አንሥቶ በገዛ እጁ መልሶ መሙላት ይችላልን? የሚለው ጥያቄ ከውጭ ሲያዩት ተራ የእጅ ሥራ ጉዳይ ይምሰል እንጂ፣ በውስጡ የነፃነት ጥያቄ አለበት።

ቋንቋው ራሱ ይህን ታሪክ ይዞ ተቀምጧል። «ነፍጥ» የሚለው ቃል ከዐረብኛው «ነፍጥ» የመጣ ሲሆን፣ መሠረታዊ ትርጉሙ የሚቀጣጠል ዘይት ነው። «ባሩድ»ም ከዚያው ከዐረብ አገር የመጣ ቃል ነው። ሽጉጥ ግን የአገር ልጅ ነው፤ በመታጠቂያ ውስጥ ስለሚሸጎጥ ሽጉጥ ተባለ። ከሁሉም ይልቅ የሚደንቀው «አጎረሰ» የሚለው ግስ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ጠመንጃውን እንደ እንግዳ ያጎርሰዋል፤ ጠመንጃውም ይጎርሳል። ጉርሻ የሚሰጥ እጅ እንዳለ ሁሉ ጉርሻውን የሚያዘጋጅ እጅ መኖሩ ግን በንግግሩ ውስጥ አልተጠቀሰም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ያልተጠቀሰ እጅ ነው።

የባሩድ ዕውቀት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአንድ ቀን አይደለም። ግብጻዊው የታሪክ ጸሐፊ አል መቅሪዚ እንደ ጻፈው፣ በዐፄ ይስሐቅ ዘመነ መንግሥት፣ ማለትም በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ ከግብጽ ሸሽተው የመጡ ማምሉኮች በንጉሡ ቤት ተጠግተው የእሳት ነፍጥ አሠራርንና የጦር መሣሪያ ሥራን አስተምረዋል። ከዚያም በ1533 ዓ.ም. በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የሚመሩ አራት መቶ ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች በምፅዋ በኩል ገቡ። እነዚህ ሰዎች በ1534 ዓ.ም. ወፍላ ላይ ድል ሆነው አለቃቸው ከተገደለ በኋላ የተረፉት ወደ ተራራ ሸሽተው ሳለ፣ ከመካከላቸው አንድ ባሩድ መሥራት የሚያውቅ ሰው ስለ ነበረና የሚያስፈልገውም ድኝና ማዕድን በአገሩ ስለ ተገኘ፣ ባሩዳቸውን እዚሁ እንደ ሠሩ ከእነርሱ አንዱ የነበረው ሚጌል ደ ካስታንሆሶ ጽፏል። በየካቲት 1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ የተደረገው ውጊያ የተካሄደው ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህም ከባሕር ማዶ የመጣው ሠራዊት ጭምር በመጨረሻ የተማመነው በኢትዮጵያ መሬት ላይ በተገኘ ድኝና ከሰል ላይ ነበር ማለት ነው።

ጥቁሩ ባሩድ ሦስት ነገሮች ብቻ የሚገቡበት ውሕድ ነው፤ ከሰል፣ ድኝ፣ እንዲሁም ከአፈር ታጥቦ የሚወጣ ነጭ ጨው። ድኝ ከአፋር ቆላ ይመጣል፤ ከሰል በየጫካው አለ፤ ነጩም ጨው በልዩ ልዩ አውራጃ ይገኛል። በዚህ የተነሣ ለብዙ ዘመናት ኢትዮጵያዊው ነፍጠኛ ባሩዱን ከአገሩ ሠሪ እጅ ይገዛ ነበር። በሚነድ ክር የሚለኮሰው የጥንቱ ጠመንጃ በአውሮፓ ከተጣለ በኋላም በዚህ አገር ለረዥም ጊዜ ተወዶ የቆየበት ምክንያት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አያሌ የውጭ አገር መንገደኞች ይህን ምርጫ እንደ ኋላ ቀርነት ተመልክተውታል። ነገር ግን ክር ያለው ሰው ጠመንጃውን ለመለኮስ የማንንም ደጅ አይጠናም።

ይህን ሚዛን ያናጋው አንድ ትንሽ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1807 አሌክሳንደር ፎርሳይዝ የተባለ የስኮትላንድ ቄስ ሲመታ የሚፈነዳ ቅመም ጠመንጃን እንዲለኩስ የሚያደርግ ዘዴ አስመዘገበ። ከዚህ ዘዴ በኋላ ካፕሱል የተባለችው የመዳብ ቆብ ተወለደች። ካፕሱል በዝናብ አትጠፋም፣ በነፋስ አትበተንም፤ ተኳሹንም ከክር ጣጣ ታሳርፈዋለች። ሆኖም በውስጧ ያለው ቅመም የኬሚስትሪ ቤት ሥራ እንጂ የመንደር ሥራ አይደለም። በሠሪው እጅ ላይ ሳለ የሚፈነዳ በመሆኑ በፋብሪካም ዘንድ ብዙ ሠራተኛ የቀጠፈ ነገር ነው። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የነፍጠኛው አረር የራሱ፣ ባሩዱም የራሱ ሆኖ ሳለ፣ የምታቀጣጥለው ቅንጣት ግን የባዕድ ሆነች።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ችግር ከማንም ቀድመው ያዩ ንጉሥ ነበሩ። ጋፋት ላይ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ የውጭ አገር ሚስዮናውያንንና የአገር ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ እንዲያቀልጡ ያስገደዱት፣ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱ እንዲገባ ፈልገው ነው። ሰባ ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል በ1859 ዓ.ም. ተሠራ። ዳሩ ግን ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ሜዳ ላይ የንጉሡ ሠራዊት የገጠመው በአፈ ሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ የያዘ ጦር አልነበረም። የእንግሊዝ ወታደሮች በኋላ በኩል የሚጎርሰውን ስናድር ይዘው ነበር። ባሩዱ፣ አረሩና ካፕሱሉ በአንድ ቀለህ ውስጥ ተጠቃለው የተዘጋጁለት ወታደር፣ ባሩዱን በአፈ ሙዙ በኩል እየጨመረና እየጠቀጠቀ ከሚተኩሰው ይልቅ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ጋፋት መድፉን ሠርቶ ሳለ ዓለም ወደ ቀለህ ተሻግሮ ነበር።

ቀለህ ምንድን ነው? ሙሉ ጥይት አራት አካላት አሉት፤ ከፊት ያለው አረር፣ በውስጥ ያለው ባሩድ፣ ከበስተኋላ የተቀመጠው ካፕሱል፣ ሦስቱንም ይዞ የሚያስተሳስረው የናስ ቀለህ። በተኩስ ጊዜ ሦስቱ ይጠፋሉ። አረሩ ይሄዳል፤ ባሩዱ ይቃጠላል፤ ካፕሱሉ ይሞታል። ቀለሁ ብቻ ይተርፋል። ናስ ለዚህ ሥራ የተመረጠው በእሳቱ ግፊት ተለጥጦ የጠመንጃውን ጉሮሮ ከዘጋ በኋላ ወዲያው ተመልሶ የመሰብሰብ ጠባይ ስላለው ነው። ይህ ጠባይ ቀለህን ከአንድ ጊዜ በላይ እንዲያገለግል ያደርገዋል። ይሁን እንጂ በተለጠጠና በተሰበሰበ ቁጥር እየደረቀ ስለሚሄድ አንድ ቀን አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። ቀለህም እንደ ሰው ዕድሜ አለው ማለት ነው።

ይህን ጠባይ በመረዳት በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሰዎች በቤታቸው ጥይት መሙላትን ተለማመዱ። በአሜሪካ ሜዳዎች ከከተማ ርቀው የሚውሉ ጎሽ አዳኞች ማታ ማታ በእሳት ዳር ተቀምጠው ቀለሃቸውን ይሞሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 በኒው ሄቨን ከተማ የተቋቋመው አይዲያል የተባለ ኩባንያ እንደ ጉጠት በእጅ የሚያዝ የጥይት መሙያ መሣሪያ እየሠራ ይሸጥ ጀመር። እስከ ዛሬም ድረስ በዚያ አገር የሽጉጥና የጠመንጃ ጥይትን በቤት መሙላት የብዙ ሰው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። አሜሪካዊው ግን ካፕሱሉን በሣጥን፣ ባሩዱንም በቆርቆሮ ከሱቅ ይገዛል። ቤቱ ውስጥ የሚሠራው የመገጣጠሙን ሥራ ነው። ኢትዮጵያዊው ነፍጠኛ የሚፈልገው ሱቅ ግን ከባሕር ማዶ ነበር፤ የባሕሩም በር በሌላ እጅ ነበር።

በዚህ ላይ ሁለት ተጨማሪ እንቅፋቶች መጡ። አንደኛው የካፕሱሉ መቀመጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 አካባቢ ሁለት መኮንኖች፣ አሜሪካዊው ሃይራም በርዳንና እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቦክሰር፣ ሁለት ዓይነት መቀመጫ ፈለሰፉ። የቦክሰሩ በመካከሉ አንድ ቀዳዳ ስላለው የሞተው ካፕሱል በቀላሉ ተገፍቶ ይወጣል። የበርዳን ግን በጎንና በጎን ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ካፕሱሉን ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ነው። የሚያስገርመው፣ የአሜሪካዊው ፈጠራ በአውሮፓ፣ የእንግሊዛዊውም በአሜሪካ መስፋፋቱ ነው። ኢትዮጵያ ብዙውን ጠመንጃዋን ያገኘችው ከአውሮፓ ስለሆነ፣ በአብዛኛው የወደቀባት አስቸጋሪው ዓይነት ነበር።

ሁለተኛው እንቅፋት ባሩዱ ነው። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ፈጠረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በእርሱ የሚተኩሰው ለበን ወጣ። አዲሱ ባሩድ ከጥጥና ከአሲድ በፋብሪካ የሚዘጋጅ ስለሆነ የገጠር ሠሪ ሊደርስበት አይችልም። አሮጌውን ጥቁር ባሩድ በአዲሱ ጠባብ አፈ ሙዝ ውስጥ መተኮስ ደግሞ ጠመንጃውን በቶሎ በጥላሸት ያንቀዋል፤ አረሩንም ያደክመዋል። እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1874 የተሠራው የፈረንሳዩ ግራ፣ በእኛ አገር አጠራር ውጅግራ፣ በመጀመሪያውኑ ለጥቁር ባሩድ የታሰበ ሰፊ አፍ ያለው ጠመንጃ በመሆኑ፣ አውሮፓ ከናቀው በኋላ በኢትዮጵያ ሌላ ዕድሜ አገኘ። ለበንና ምንሽር ርቀው ይመታሉ፤ ውጅግራ ግን መንደር ውስጥ ጉርሻ ያገኛል። በሰላም ቀን የተናቀ አሮጌ ብረት በእጥረት ቀን የሚመረጥበት ምክንያት ይህ ነው።

ጥይት ምን ያህል ውድ እንደ ነበረ ለማወቅ ወደ ገበያ መመልከት ይበቃል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ጥይት ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። የብሩ ዝርዝር በጥይት ይመለስ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ የቀረበ አንድ የጦር መሣሪያ ሸቀጥ 2,040 ባለ ካፕሱል ጠመንጃና 60,000 የረሚንግተን ጥይት የያዘ ሲሆን፣ የቅፍለቱ ባለቤት ግጥም መጻፉን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነበር። ያ ወጣት ገጣሚ ቃላቱን ትቶ ጥይት ሲቆጥር የነበረባት ኢትዮጵያ፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ያንን ዓይነት ቆጠራ በድል ዘጋችው።

ይህ ሁሉ ሲሆን በአገር ውስጥ ጠመንጃ የሚጠግነው፣ እርሳስ የሚያቀልጠው፣ የተጣመመውን የሚያቀናው ሰው ማን ነበር? ቀጥቃጩ ነበር። ኅብረተሰቡ ማረሻውን ከእርሱ ይቀበላል፤ ከእርሱ ጋር ግን ማዕድ አይቆርስም። ቀን ማጭዱን ያስልበታል፤ ማታ ቡዳ ነው እያለ ልጁን ይሸሽግበታል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ የእጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። ዐዋጁ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ስድብን ከአፍ ማንሣት ከልብ የማንሣትን ያህል አይደለም። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት የቀጥቃጭ ልጅ ከቀጥቃጭ ልጅ በቀር የሚያገባው አላገኘም።

ከዚያ የፋሽስት ወረራ መጣ። ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ለማስገባት ያላት መብት በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋር በተፈረመው ውል የተወሰነ ነበር። በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ጦርነቱ መምጣቱ በታወቀበት ሰዓት ደግሞ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ኢጣልያ የራሷ ፋብሪካ ስላላት ክልከላው አልጎዳትም፤ የጎዳው ፋብሪካ የሌላትን ነው። እኩል የሚመስል ክልከላ እኩል ባልሆኑ ሁለት ሰዎች ላይ ሲወድቅ ፍርዱ ለማን እንደሆነ የታወቀ ነው።

ጎጃም በ1928 ዓ.ም. በጠላት ጦር ተያዘ። አገው ምድርም በዳንግላና በእንጅባራ ምሽግ ተሠራበት። መጀመሪያ ላይ የሕዝቡ ዝምታ የመገዛት መስሎ ነበር። ነገር ግን ገዥው የገበሬውን ጠመንጃ መግፈፍ ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ። ለጎጃም ገበሬ ጠመንጃ የርስቱ ዘብ፣ የለቅሶውና የሠርጉ ክብር ነው፤ ያንን ከወሰዱበት ምን ቀረው? በ1930 ዓ.ም. ዐመፁ በመላው ጎጃም ተቀጣጠለ። በምሥራቅ በኩል በላይ ዘለቀና ኃይሉ በለው፣ በዳሞትና በቡሬ በኩል ነጋሽ በዛብህ፣ በአገው ምድር አቅጣጫ መንገሻ ጀምበሬ የአርበኞቹ መሪዎች ሆኑ። የኢጣልያ ጦር በከተሞችና በምሽጎች ውስጥ ተወሰነ፤ ገጠሩ የአርበኛው ሆነ።

ይሁን እንጂ ገጠሩን የያዘ ሰው የጥይት ፋብሪካ አልያዘም። የአርበኛው ዋና የጥይት ምንጭ ጠላቱ ነበር፤ ገድሎ ይታጠቃል፣ ታጥቆ ይገድላል። የተማረከው ጥይት ግን ለተማረከው ጠመንጃ ብቻ ነው የሚሆነው። በአንድ የአርበኛ ጭፍራ ውስጥ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ለበን፣ አልቢንና የኢጣልያ ጠመንጃ ተደባልቀው ይገኛሉ፤ የአንዱ ጥይት በሌላው ጉሮሮ አይገባም። ስለሆነም አንዱ ሰው ሃምሳ ጥይት ታጥቆ ሳለ፣ አጠገቡ ያለው ባዶ ዝናር ይዞ ይዋጋል። በዚህ ጊዜ የተተኮሰ ቀለህ እንደ ትርፍ ነገር አይጣልም። ከተኩሱ በኋላ ከሣሩ ውስጥ ይለቀማል፤ በየዓይነቱ ይለያል፤ ወደ ቀጥቃጩ ይወሰዳል።

በዚህ ሥራ ላይ የአገሩ አየር ራሱ ጠላት ነበር። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በኢትዮጵያ ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ጥቁር ባሩድ ደግሞ እርጥበትን እንደ ጨው ይስባል። የራሰ ባሩድ ይተኛል እንጂ አይነሣም። ስለዚህ ሠሪው ከእሳት እንዲርቅ፣ ከዝናብም እንዲያመልጥ ሆኖ ባሩዱን መጠበቅ ነበረበት፤ ከእሳት ካላራቀው ቤቱ ይጠፋል፣ ከዝናብ ካላራቀው አርበኛው ይጠፋል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ነው።

የተሞላ ጥይት ምን ያህል ይታመናል? የፋብሪካ ጥይት አንዱ ከአንዱ አይለይም፤ የእጅ ጥይት ግን እያንዳንዱ የየራሱ ዕጣ አለው። ባሩዱ ያነሰበት አረሩን አፈ ሙዝ ውስጥ ያስቀራል፤ የበዛበት ጠመንጃውን በተኳሹ ፊት ይሰነጥቃል፤ ካፕሱሉ የከሸፈበት ደግሞ ጭራሽ አይናገርም። ቃታ ስቦ ዝምታ የሚሰማ ሰው ያለበትን ሁኔታ ማሰብ ይቻላል። ይህን የሚያውቅ አርበኛ የፋብሪካውን ጥይት ለጭንቅ ሰዓት አስቀምጦ የእጁን ለደፈጣ መክፈቻ ቢያደርግ የሚያስገርም አይሆንም። «አንድ ጥይት ለአንድ ሰው» የሚለው የአርበኛው ሥነ ሥርዓትም የመጣው ከጀግንነት ብቻ ሳይሆን ከሂሳብም ጭምር ነው። በባዶ የማይተኩስ ሠራዊት የተፈጠረው ጥይት ስለሌለው ነው።

ከዚህም ሁሉ በላይ የካፕሱሉ ነገር አለ። እርሳሱ ተገኘ፣ ባሩዱ ተወቀጠ፣ ቀለሁም ቀና እንበል፤ ያችን የምስር ፍሬ የምታህል ቆብ የሚሠራ ግን ከመንደር አልተገኘም። እጅ ብዙ ነገር ይችላል፤ ሁሉን ግን አይችልም። የአገው ምድር አርበኛ በ1932 ዓ.ም. የደረሰበት ወሰን ይህ ነበር፤ የሚነድ ነገር ሁሉ በእጁ ሳለ የሚለኩስ አጣ።

የዚህ ነገር ምሳሌነት በታሪክ ውስጥ በሌላም መንገድ ተገልጿል። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ ከሱዳን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ሲገባ የሚመራው ቡድን «ሚሽን 101» የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር። ቁጥሩ የተወሰደው ከአንድ የመድፍ ጥይት ማፈንጃ ነው። ካርቱም ያሉት ሰዎች የአርበኛውን ትግል የተመለከቱት እንደ ተጠቀጠቀ ባሩድ፣ ራሳቸውን ደግሞ እንደ ካፕሱል ነበር ማለት ነው። ምሳሌው ግማሹ እውነት ነው። አርበኛው ለአራት ዓመት ያለ እነርሱ ሲነድ ኖሯልና፣ እሳቱን እነርሱ አልለኮሱትም። ሆኖም ያልነበረውን ነገር፣ ጥይቱን፣ ለማምጣት የሚችሉት እነርሱ ነበሩ።

ሳንድፎርድ በመስከረም 1933 ዓ.ም. ደጃዝማች መንገሻንና ደጃዝማች ነጋሽን አስማምቶ፣ ሠፈሩን በዛሬው የአዊ ዞን ክልል ፋጊታ ላይ አደረገ። በኅዳር ወር ኦርድ ዊንጌት በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን እዚያው ፋጊታ በተጠረገ ሜዳ ላይ አርፎ ከሳንድፎርድ ጋር ከተመካከረ በኋላ ተመለሰ። ካርቱም ውስጥ ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ የስለላውን ክፍል የሚመራው ሜጀር ቺዝማን፣ ቀደም ሲል ለዘጠኝ ዓመት ያህል በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የኖረና የጣናንና የዓባይን አገር በእግሩ የለካ ሰው ነበር። ከሱዳን በግመልና በበቅሎ የመጣው መሣሪያ ግን እንደ ተስፋው አልነበረም፤ ከመካከሉ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሱ፣ ዘመን ያለፈባቸው አሮጌ ጠመንጃዎች ነበሩበት። አርበኛው ከወዳጁም የተቀበለው በሌላው ዘንድ የተናቀውን ብረት ነው።

ቢሆንም በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የጌዴዎን ኃይል የተባለው ጦርና አርበኞቹ ወደ ምሽጎቹ ሲቃረቡ የኢጣልያ ጦር እንጅባራን ለቀቀ፤ ዳንግላንም ለቆ ወደ ባሕር ዳር ሸሸ። ቡሬ ተከተለች፤ በመጋቢት መጨረሻ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ምሽግ ውስጥ የነበረው ጠላት በቂ ጥይት፣ በቂ መድፍ፣ በቂ አውሮፕላን ነበረው፤ ያጣው ከምሽጉ ውጭ ያለውን አገር ነው። በአንጻሩ አርበኛው አገሩን ይዞ ጥይቱን ያጣ ነበር። የጎጃም ታሪክ በአጭሩ የእነዚህ የሁለቱ እጦቶች ውድድር ነበር ሊባል ይችላል።

ከድሉ በኋላ ሹመትና ሜዳልያ ተሰጠ። የደጃዝማቹና የፊታውራሪው ስም ተጻፈ። እርሳስ አቅልጦ በቅርጽ ያፈሰሰው፣ የተጣመመ ቀለህ ያቀናው፣ ጣቱን በባሩድ ያቃጠለው ቀጥቃጭ ግን በዚያ መዝገብ ላይ ቦታው ጠባብ ነው። ጦርነቱ ሳለ ሌሊት በሩ ይንኳኳ ነበር፤ ሰላም ሲወርድ ቀን ቀን ሰላምታ የሚሰጠው ጠፋ። ማረሻ ሠሪነቱን የሚያውቅ ሁሉ አርበኛነቱን አያውቅም። ይህ አንድ አገር ለራሱ ያለበት ዕዳ ነው፤ ዕዳውም የሚከፈለው በሐውልት ብቻ ሳይሆን፣ ሙያ የሚናቅበትን አመለካከት ከሥሩ በመንቀል ነው።

የካፕሱሉ ጥያቄ ከጊዜ በኋላ መልስ አግኝቷል። በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ በአምቦ አቅራቢያ የተቋቋመው የሆሚቾ ፋብሪካ ኢትዮጵያ ጥይቷን በአገሯ እንድትሠራ አስችሏታል። የግለሰብ ጉዳይም በሕግ ሥር ገብቷል፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177/2012 ማን ምን እንደሚይዝና በምን ፈቃድ እንደሚይዝ ይደነግጋል። በወረራ ዘመን የአገር መድኅን የነበረ የጓዳ ሥራ በሌላ ዘመን የጎረቤት ስጋት ሊሆን ይችላልና፣ አንዱን ዘመን ከሌላው መለየት የአስተዋይ ሕዝብ ተግባር ነው። የአርበኛው ጥይት ይከበር የነበረው በጥቂቱና በምክንያት ስለሚተኮስ ነበር።

ዛሬ በእንጅባራ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ሲወጣ፣ የአንከሻና የባንጃ፣ የአዘናና የዚገም ልጆች ፈረሳቸውን አስጊጠው አባቶቻቸውን ያስባሉ። ማኅበሩ ተመሠረተ የሚባለው በዚያው በ1932 ዓ.ም. ነው። በፋጊታ ደግሞ ገበሬው በቅርብ ዐሥርት ዓመታት ዲከረንስ የተባለውን ግራር እየተከለ፣ እያከሰለ፣ ከሰሉን በመኪና ወደ አዲስ አበባ ሲልክ ቆይቷል። አያቱ ባሩድ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር የልጅ ልጁ ለቡና ማፍያ አደረገው። ቀለህም ቢሆን ሌላ ዕድሜ አግኝቷል፤ በአዲስ አበባ የእጅ ሥራ ቤቶች ውስጥ አሮጌ ቀለህ እየቀለጠ የአንገት ዶቃና ጌጥ ይሠራበታል። ያንን ናስ የሚያቀልጠው እጅ ያው የጥንቱ የቀጥቃጭ እጅ ነው፤ ወናፉም ያው ወናፍ ነው። ከዕቃው ጋር ሠሪውም በስሙ የሚጠራበት ቀን ከመጣ፣ በአገው ምድር ሣር ውስጥ ሲለቀም የኖረው ቀለህ በእውነት ተሞልቷል ማለት ነው።